ለጋይንት ግቢ የትኛው ውሻ ያዋጣል?

ይህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው የጤፍ፣ የበግና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ለዛሬ ግን በማንም ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለማያውቅ፣ ሆኖም ሌሊቱን ሁሉ ንብረት ሲጠብቅ ስለሚያድር እንስሳ እናንሣ። ነፋስ መውጫ ላይ የእህል መጋዘን የከፈተ፣ ወገዳ ላይ ሱቅ ያለው ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግቢውን አጥሮ እንደ ጨረሰ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ከአዲስ አበባ ጀርመን ሼፐርድ ላስመጣ ወይስ ከጎረቤት የሀበሻ ቡችላ ልለምን?

የሀበሻው ውሻ መነሻ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። በገጠሩ ቡችላ ይለመናል፣ ይሰጣል እንጂ ለድርድር አይቀርብም። ሰው ሁሉ ወንዱን ስለሚመርጥ ሴቷ ተጥላ ትቀራለች፤ ለጥበቃ ግን ከወንዱ የምታንስበት ምክንያት የለም። ወንዱ በየወቅቱ ሴት ፍለጋ አጥር ዘሎ ሲጠፋ እሷ ግቢዋ ውስጥ ትገኛለች። እርግጥ ነው፣ ካልመከነች በየጊዜው መውለዷ አይቀርም።

የጀርመኑ ውሻ ግን በደላላ እጅ ያልፋል። እዚህ ላይ ገዥው የሚታለለው ከዋጋው ይልቅ በዝርያው ነው። የሁለት ወር ቡችላ ጆሮው ገና አልቆመም፤ ጸንቶ የሚቆመው በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ክልሱም ንጹሑም ካርቶን ውስጥ ሲተኙ አንድ ይመስላሉ። እናቱን፣ ከተቻለም አባቱን ያላየ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል። ሲያይም አረማመዳቸውን ይመልከት። በዚህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይተላለፋል፤ እናቱ ከኋላ የምታነክስ ቡችላ ለመጋዘን ጥበቃ አይታሰብም።

ዋናው ወጪ ግን ግዢው አይደለም፤ ቀለቡ ነው። ወንዱ ጀርመን ሼፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። የሀበሻው ውሻ በአብዛኛው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የሚበላውም በዚያው ልክ። አዲስ አበባ ላይ ‹‹ከሥጋ ቤት ትራፊ ይበላል›› ብሎ ውሻ የሸጠ ሰው የጋይንትን የጾም አቆጣጠር አላሰበም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ፍልሰታ 15 ቀን ይጨመርበታል፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። በትንሽ ከተማ ሥጋ ቤት በጾም ሲዘጋ አጥንትም ጨጓራም አይገኝም። የሀበሻው ውሻ በእንጀራ ትራፊና በገብስ ቂጣ ጾሙን ይዘልቃል። በሥጋ ያደገው ትልቁ ውሻ ግን ይከሳል፣ ወይም ባለቤቱ በጾም ወር ለውሻው ብሎ በግ ሊያርድ ነው! ለጎረቤት ወሬ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው ነፋሻማ ናት፤ ከፍታዋም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይታለፋል። ድርብ ጠጉር ያለው የጀርመን ውሻ በዚያ ብርድ አይቸገርም። አጭር ጠጉር ያለው የሀበሻ ውሻ ደረቅ ማደሪያና ጭድ ይፈልጋል። ከስማዳና ከታች ጋይንት ወደ በሽሎ ቆላ ሲወረድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በቀን ሐሩር የሚያለከልክ ውሻ ሌሊት ምን ይጠብቃል?

ገንዘብ ያላቸው አንዳንዶች ‹‹እንግዲያውስ ማንም የሌለው ብርቅ ዝርያ ይምጣልኝ›› ይሉ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዝርያዎችን በ10 ምድብ ሲከፍል አምስተኛው ሽፒትስ የሚባሉትንና ጥንታዊ ዝርያዎችን ይይዛል። ጆሯቸው የቆመ፣ ብዙዎቹም ጅራታቸው የተጠቀለለ ነው። ከኮንጎ የመጣው ባሰንጂ እዚያ ምድብ ውስጥ አለ፤ እንደ ሌሎች ውሾች ግን አይጮኽም። ጩኸት ለሚፈልግ መጋዘን ምን ያደርጋል? የኖርዌዩ ሉንደሁንድ ደግሞ በውሻ ወረርሽኝ ተመናምኖ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስድስት ያህል ብቻ ተርፈው ነበር። የዛሬዎቹ ሁሉ የነዚያ ልጆች ስለሆኑ የአንጀት በሽታ ዝርያውን ተጣብቶታል። ብርቅነት ብዙ ጊዜ የዘመድ ጋብቻ ሌላ ስሙ ነው። የሀበሻው ውሻ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ደካማው በቡችላነቱ ሞቶ ጠንካራው የቀረለት ዘር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ለሁለቱም እኩል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ዘር አይመርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኛውን የሚያስተላልፈውም ውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክኑት ቀናት ሕይወት የሚያስከፍሉ ናቸው። ቡችላው በሦስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሊከተብ ይገባል። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ገጠር ክትባት እስከሚገኝበት ድረስ ያለውን መንገድ አስቦ በጀት የማይዝ ሰው ውሻ ባይገዛ ይመረጣል።

ለነጋዴ ሌላም ስሌት አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ‹‹አምልጦኝ ነው›› ማለት አያድንም። ደንበኛ ሲገባና ሲወጣ በሚውልበት ግቢ የ40 ኪሎ ውሻ ንክሻና የ18 ኪሎ ውሻ ንክሻ በካሳ ልክ አንድ አይሆኑም።

በኛ ግምት ቋሚ ዘበኛ፣ ጠንካራ አጥርና ዓመቱን ሙሉ የሥጋ በጀት ላለው የነፋስ መውጫ ወይም የደብረ ታቦር ባለሀብት ጀርመን ሼፐርድ ያስኬዳል። ለቀረው ነጋዴ፣ በተለይም ወደ በሽሎ ወረድ ብሎ ለሚሠራው፣ ሁለት የሀበሻ ውሾች ከአንድ የፈረንጅ ውሻ ይበልጣሉ። አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ጓሮ ሆነው ይጮኻሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። ለደላላ ሊከፈል የነበረውም ገንዘብ ለብዙ ዓመት ክትባት ይበቃል።