የሱፍ ወተትና የጾም ገበያ

በሞምባሳና በዛንዚባር የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች የኮኮናትን ፍሬ ፈቅፍቀው፥ በውሃ አሽተው፥ በጨርቅ ጨምቀው ወተቱን ለወጥ ያደርጉታል። ኮኮናት በማይበቅልበት በጎንደር ደጋ ግን ይህንኑ ተግባር የሚፈጽመው ሱፍ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሱፉ ተለቅሞ ከታጠበ በኋላ ጥቂት ይቀቀላል፥ ወይም ለዘብ ባለ እሳት ይታመሳል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ልጣጩ ይቀራል፥ ነጩ ወተት ይወርዳል። ጨው፥ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት እንጀራ ሲፈተፈትበት የሱፍ ፍትፍት ይባላል። እሳቱ የበዛበት እንደ ሆነ ይጠቁራል፥ ይመርማል፤ ወተቱም ስለማያድር በዕለቱ ይበላል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከበዓለ ሃምሳ በቀርም ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይጾማሉ። ወተትና ቅቤ በማይቀመስበት በዚህ ጊዜ የሱፍ ፈላጊ ይበዛል። ሱፍ ግን ቅባት ያለው እህል በመሆኑ፥ እርጥበት ያገኘው ይሻግታል፤ ተፈጭቶ የቆየውም ይበላሻል። የከረመውን ከአዲሱ ቀላቅሎ የሚሸጥ ባለሱቅ ለአንድ ገበያ ያተርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የቤት እመቤቲቱ በቀመሰችው ጊዜ ምሬቱን ታውቀዋለች፥ ለጎረቤቷም ትናገራለች። የአንድ ጆንያ ትርፍ የዓመት ደንበኛ ያሳጣል።

ስለዚህ ሱፍን ከነልጣጩ በደረቅ ስፍራ፥ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማኖር፤ ሲገዙም ጥቂት ፍሬ በጥርስ ሰብሮ መቅመስ ይገባል። የታሸገ የኮኮናት ወተት ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴም በጎንደር የሚወዳደረው ከሙቀጫ ጋር መሆኑን አስቀድሞ ቢያስብ ይጠቀማል።