115 ሚሊሜትር የማን ነው?

አንድ ቁጥር በሁለት ወሰኖች መካከል መሆኑን የሚያጣራ ኮድ አንድ መስመር ነው፤ ሁለት ማወዳደሪያ ምልክት ይበቃዋል። ማንም ከቁብ የማይቆጥረው ለዚህ ይመስለኛል። ጅጅጋ ተቀምጦ የጤና መረጃ ለሚሠራ ፕሮግራመር ግን ይህች መስመር የምትናቅ አይደለችም።

በጅጅጋ አካባቢ፣ ቀብሪ በያህም ሆነ አውበሬ፣ የጤና ባለሙያዎች ሙዋክ የሚሉት ባለ ሦስት ቀለም የክንድ ዙሪያ መለኪያ አለ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን መሃል ይጠመጠማል። ከ115 ሚሊሜትር በታች ቀይ፣ ማለትም ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ከ115 ጀምሮ 125 እስኪሞላ ቢጫ፤ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ።

መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ የሚመጣው። አንድ ጊዜ ያየሁት ፕሮግራም (የማን እንደሆነ ይቅር) ቀዩን «ዙሪያ < 115»፣ ቢጫውን «ዙሪያ > 115» ይላል። ልኩ 115 የሆነው ልጅስ? ቀይም ቢጫም አልሆነም፤ ከሪፖርቱ ወጥቷል። ሌላው ደግሞ ሁለቱም ላይ የእኩል ምልክት ይጨምርና ያንኑ ልጅ ሁለቴ ይቆጥረዋል። ድምሩ አልገጥም ሲል የምትወቀሰው መዝጋቢዋ ናት!

መፍትሔው የታችኛውን ወሰን አስገብቶ የላይኛውን ማስወጣት ነው፦

115 <= ዙሪያ < 125

ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ማስታወሻ የተሟገተው ለዚህ አጻጻፍ ነው። የአንዱ እርከን ማብቂያ የቀጣዩ መጀመሪያ ስለሚሆን ክፍተትም መደራረብም አይኖርም። ዕድሜም እንዲሁ፦ «6 <= ወር < 60»። «ወር <= 59» ብሎ የጻፈ፣ ዕድሜው ከልደት ቀን ተሰልቶ በክፍልፋይ ሲመጣለት፣ 59 ወር ከ20 ቀን የሆነውን ልጅ ያስቀረዋል። በመረጃ ቋት ቋንቋው በኤስኪውኤል፣ ቢትዊን የሚለው ቃል ግን ሁለቱንም ጫፎች ያስገባል፤ ይህን ሳያጣሩ የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው።

ከላይ ያለችውን የዙሪያ መስመር ፓይተን እንዳለች ይቀበላታል፤ በፓይተን 3 «ዙሪያ» የሚለው የአማርኛ ስምም አይከለከልም። ሲና ጃቫስክሪፕትም ይቀበሏታል፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ «115 <= ዙሪያ» የሚለውን ብቻ አስልተው እውነት ወይም ሐሰት፣ ማለትም 1 ወይም 0 ያደርጉታል፤ ቀጥሎ ያንን ከ125 ጋር ያወዳድራሉ። 1ም 0ም ከ125 ያንሳሉ፤ ስለዚህ ልጅ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። የሲ ኮምፓይለር ማስጠንቀቂያው ከተከፈተለት ይናገራል፤ ዘግቶት የሚሠራ ሰው ግን ምን ይባላል? በእነዚህ ቋንቋዎች «115 <= ዙሪያ && ዙሪያ < 125» ብላችሁ ጻፉ፤ ዙሪያው መሃል ላይ ሲውል ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። መጀመሪያ የታችኛውን ወሰን ቀንሶ በአንድ ማወዳደሪያ የሚጨርስ ብልሃትም አለ። ኮምፓይለሮች ራሳቸው ያውቁበታል፤ ለእነሱ ተዉላቸው።

ቁጥሮቹን በየፋይሉ አትበትኗቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2009 እ.ኤ.አ. የቀዩን ወሰን ከ110 ወደ 115 ከፍ አድርገዋል፤ ነገም ሊቀየር ይችላል። ስም ሰጥታችሁ አንድ ቦታ አስቀምጧቸው።

ደግሞም ሁለት እግሩ በምግብ እጥረት ያበጠ ልጅ ክንዱ 130 ቢለካም ከባድ ታማሚ ነው። ኮዱ የክንዱን ዙሪያ ከማየቱ በፊት ስለ እብጠቱ ይጠይቅ።