ስለቱን የሚያወጣው ጭቃ ነው

ስለ ጃፓን ጎራዴ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የእጥፉ ብዛት ነው። ብረቱ ሺህ ጊዜ ታጥፎ የተቀጠቀጠ ስለሆነ በዓለም ላይ አቻ የለውም ይባላል፤ ፊልሙም ሻጩም ይህንኑ ይደጋግማል። ስሌቱ ግን አይፈቅድም። አንድ ጥፍጥፍ ብረት አንዴ ሲታጠፍ ሁለት ንብብር ይሆናል፤ 10 ጊዜ ሲታጠፍ 1,024፣ 15 ጊዜ ሲታጠፍ ደግሞ 32,768 ይደርሳል። የጃፓን አንጥረኞችም በአብዛኛው የሚያጥፉት ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ የሄደ ሰው ይከስራል፤ ብረቱ በጋለ ቁጥር ካርቦኑ እየተቃጠለ ይቀንሳል፣ ካርቦኑ ያለቀበት ብረት ደግሞ የቱንም ያህል ቢሳል ስለት አይዝም። በእኔ እምነት እጥፉ የማጥራት ሥራ ነው። ትልቁ ጥበብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በጭቃና በውኃ ነው፤ ይህን ለመረዳት ደግሞ ከረጅሙ ይልቅ አጭሩ ጎራዴ የተሻለ ምስክር ይሆናል።

ብረቱ ለምን እንደሚታጠፍ የሚያስረዳው ምድጃው ነው። በሺማኔ ግዛት፣ ኦኩኢዙሞ በተባለው ተራራማ አገር፣ ታታራ የሚባለው ጥንታዊ የጭቃ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገና ሥራ ጀምሯል። በብርዱ ወራት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያለማቋረጥ ከሰል፣ እንዲሁም ከወንዝና ከተራራ የሚታጠብ የብረት አሸዋ ይጨመርበታል። 10 ቶን ያህል አሸዋ በልቶ የሚሰጠው 2 ቶን ተኩል ገደማ የሚሆን አንድ ትልቅ ጓል ነው፤ ከዚያም ታማሃጋኔ ተብሎ ለጎራዴ የሚመረጠው ከግማሽ በታች ነው። የጃፓን ብረት መናኛ ስለነበረ ነው ሲቀጠቀጥ የኖረው የሚሉ አሉ። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። አሸዋው ብረትን የሚያበላሹት ፎስፈረስና ድኝ በጣም ስለሚያንሱት እንዲያውም ንጹሕ የሚባል ነው። ችግሩ ምድጃው ብረቱን አቅልጦ ስለማያፈስሰው ነው፤ በአንዱ ጥግ ካርቦን ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል፣ በመካከሉም ዝቃጭ ይቀራል። መዶሻው ዝቃጩን አስፈንጥሮ ያስወጣል፣ እጥፉ ደግሞ ካርቦኑን ያዳርሳል። ይህ ለሥራው መሠረት ነው፤ እስካሁን ግን በእጃችን ያለው የጠራ ብረት እንጂ ስለት አይደለም።

አሁን ጭቃው ይመጣል። አንጥረኛው ከሸክላ አፈር፣ ከከሰል ዱቄትና ከድንጋይ ብናኝ የተለወሰውን ጭቃ በጎራዴው ጀርባ ላይ ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ አድርጎ ይቀባል። ብዙዎቹም ከጀርባው ወደ ስለቱ የሚወርዱ ቀጫጭን የጭቃ መስመሮችን ያሰምራሉ። ጭቃው ሲደርቅ የሥራ ቤቱ ይጨልማል፤ የብረቱ ቀለም በቀን ብርሃን በትክክል ስለማይለይ ነው። ግለቱ 750 ወይም 800 ዲግሪ አካባቢ መድረሱን ዓይን ከቀለሙ አንብቦ ሲወስን ጎራዴው ውኃ ውስጥ ይገባል። ስስ ጭቃ የለበሰው ስለት በቅጽበት ቀዝቅዞ እጅግ ይጠነክራል፤ ወፍራም የለበሰው ጀርባ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የጠነከረው ክፍል መጠኑ ስለሚሰፋም ጎራዴው ወደ ጀርባው ይጎብጣል። እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ በጠንካራው ስለት ውስጥ ለስላሳ ማቋረጫ ስለሚሆኑ፣ ስለቱ አንድ ቦታ ቢሸረፍ ስንጥቁ ርቆ አይሄድም። የሳምንታት ድካም በዚህ ቅጽበት ተሰንጥቆ ሊቀር ይችላል፤ የተሰነጠቀ ስለት ደግሞ መድኃኒት የለውም።

የዚህ ጥበብ የተሻለ ምስክር አጭሩ ነው ስል፣ አጭሩ ጎራዴ የረጅሙ ታናሽ እንጂ ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም የሚል ክርክር ይነሣል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚያንሰው ታንቶ፣ ከ30 እስከ 60 ያለው ደግሞ ዋኪዛሺ ይባላል። ሳሙራይ ሰው ቤት ሲገባ ረጅሙን አስቀምጦ አጭሩን ከወገቡ አይለየውም ነበር፤ በሳሙራይ አገዛዝ መጨረሻ፣ በኤዶ ዘመን፣ ረጅሙ የተከለከለው ነጋዴም ዋኪዛሺ ይታጠቅ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኪዮቶ የሠራው አዋታጉቺ ዮሺሚትሱ ነው። በኤዶ ዘመን ከሦስቱ ታላላቅ አንጥረኞች አንዱ ተብሎ ሲቆጠር፣ ከእጁ የተረፉት ሥራዎች ከጥቂት በቀር ታንቶ ናቸው። ለታላቅነት ርዝመት ቢያስፈልግ ኖሮ ይህ ሰው ከዝርዝሩ ባልገባ ነበር።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ዛሬ ፋብሪካ የሚያወጣው ብረት ከታማሃጋኔ የተስተካከለና ርካሽ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ በእጅ መቀጥቀጥ አያስፈልግም። ጎራዴ መታጠቅ እ.ኤ.አ. በ1876 በአዋጅ ሲከለከል ብዙ አንጥረኞች ወደ ወጥ ቤት ቢላና ወደ እርሻ መሣሪያ የዞሩትም ገበያው ስለጠፋ ነው። ዛሬ የጃፓን ሕግ በእጅ የተሠራውን ጎራዴ የሚፈቅደው እንደ ጥበብ ሥራ ነው፤ የሚመዘነውም ጭቃው በስለቱ ላይ ትቶት በሚያልፈው፣ ሐሞን በሚባለው ነጭ ሞገድና በብረቱ ገጽ ነው። ይህን ሞገድ በአሲድ አስመስሎ መሳል ይቻላል፤ በብርሃን ፊት አዘንብሎ ለሚያይ ሰው ግን በእውነተኛው ላይ የሚታዩት ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች በአስመሳዩ ላይ የሉም።

ጎራዴ የመሥራት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ባለው አንጥረኛ ሥር አምስት ዓመት መማር አለበት፤ ከዚያም በኋላ በወር ከሁለት ረጅም ወይም ከሦስት አጭር ጎራዴ በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ገደቡ ባለሙያውን ያደኸያል የሚለው ቅሬታ ይገባኛል። ቢሆንም ከዚህ በላይ የሚያመርት እጅ ከቅቡም ከግለቱም መቆጠቡ ስለማይቀር ገደቡን እደግፋለሁ። የማልደግፈው ያንን አምስት ዓመት ነው፤ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ያሳልፈዋልና። ሙያው ወጣት እያጣ ያለው በዚህ በር ነው፤ መንግሥት ለተማሪው መተዳደሪያ ቢቆርጥለት ገደቡን ከማንሣት ይልቅ ይጠቅመዋል።