ስለ ብርሃን ክር ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

በከተሞቻችን ምሰሶዎች ላይ ከቀደመው የስልክ ሽቦ ጎን አዲስ ቀጭን ገመድ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ ገመድ በውስጡ የመስታወት ክር የያዘ ሲሆን ፋይበር ይባላል። የሚያመላልሰው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው፤ በዚሁም ብርሃን የተማሪው ትምህርት፥ የነጋዴው መልእክት፥ በባሕር ማዶ ያለ ልጅ ፊትና ድምፅ ወደ ቤት ይገባል። ብዙ ወላጆች ግን ገመዱ ደጃቸው በደረሰ ጊዜ «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» ብለው በሩን ከፍተው ዝም ይላሉ። እኛ ግን አባወራውና እመቤቲቱ አስቀድመው ሊያውቁትና ሊወስኑት የሚገባ ነገር አለ እንላለን፤ የክሩ ኃይል ብዙ ጊዜ የሚባክነው በሩቁ ጎዳና ሳይሆን ከደጃፍ እስከ ሳሎን ባለችው አጭር መንገድ ነውና።

ይህን ለማስረዳት የክሩን ባሕርይ እንመልከት። የመስታወቱ ውፍረት የ1 ሚሊ ሜትር 8ኛ እጅ ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርቱ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ 9 ያህሉ ብቻ ነው። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው መስታወት ከእምብርቱ ጥቂት የተለየ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ብርሃኑ ወደ ውጭ ሊያመልጥ ሲል ተንጸባርቆ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በእንግሊዝ አገር ሲመራመሩ፥ በመስታወት ውስጥ ብርሃንን የሚያደክመው ይልቁንም የተቀላቀለበት እድፍ መሆኑን አስረዱ። በ1970 በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ሊቃውንት ለዚህ የሚበቃ ንጹሕ ክር ሠሩ፤ ካኦም በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በመልካም ክር ውስጥ ብርሃን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ግማሹ ሊተርፍ ይችላል። ነገር ግን በክሩ ጫፍ ላይ ያረፈች አንዲት የአቧራ ቅንጣት፥ ወይም በበር ሥር የተጨፈለቀ አንድ ስፍራ፥ ያ ሁሉ መንገድ ያልወሰደውን ብርሃን ልትወስድ ትችላለች።

እንግዲህ ስለ ምርጫው እንናገር። ለቤት የሚመጣው ክር አንድ የብርሃን መንገድ ብቻ ያለው፥ ሲንግል ሞድ የሚባለው ነው፤ በቤት ውስጥ የሚቀጠለው አጭር ገመድም ከዚሁ ወገን መሆን አለበት። የዚህ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ብርቱካንማ ወይም ውሃ ሰማያዊ ልባስ ያለው ሌላ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ዋጋው ረከሰ ተብሎ በዚህ ምትክ አይገባም። በማእዘን ለሚዞር ገመድ መታጠፍን የሚታገሥ፥ ጂ.657 የሚል ምልክት ያለው ይመረጣል። በጫፉ ያለው ማገናኛም በቀለም ይለያል፤ አረንጓዴው ጫፉ በ8 ዲግሪ ተዘቅዝቆ የተሞረደ ነው፥ ሰማያዊው ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱን እርስ በርሳቸው ማጋጠም ብርሃኑን ያባክናል፥ ጫፋቸውንም ይጎዳል።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ቤተሰቡ የገመዱን መንገድ ይወስን። ገመዱ በሰው እግርና በመዝጊያ ሥር አይለፍ፤ በሚስማርም አይታነቅ፤ አይጥ በሚመላለስበት ስፍራ በቱቦ ውስጥ ይግባ። ግድግዳው ሲበሳ ቀዳዳው ወደ ውጭ ያዘቀዝቅ፤ ገመዱም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይውረድና ይመለስ፥ የክረምቱ ውሃ በዚያ ተንጠባጥቦ እንዲቀር። ከገመዱ ጋር የተያያዘ የብረት ሽቦ ቢኖር በውጭ ታስሮ ይቅር እንጂ ወደ ቤት አይግባ። ለኋላ ጥገና እንዲሆን ጥቂት ትርፍ ገመድ በሰፊው ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ሕፃናትን መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል። በክሩ የሚሄደው ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ አለመታየቱ ግን አለመኖሩን አያመለክትም፤ ስለዚህ ማንም የተፈታውን ጫፍ ወደ ዓይኑ አቅርቦ አይመልከት። ከክሩ ሲቆረጥ የሚወድቀው ስባሪ እንደ ጸጉር ቀጭን መስታወት ስለ ሆነ በሥጋ ውስጥ ይሰነቀራል፤ በሚያጣብቅ ፕላስተር ተለቅሞ ይጣል።

ብርሃኑን የሚቀበለው ሳጥን በሳሎን፥ ከፍ ባለና በተገለጠ ቦታ ቢቀመጥ መልካም ነው። በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቢዘጋ ወይም ወፍራም ግንብ ቢጋርደው ዋይፋዩ ይደክማል። ወደ ራቀ ክፍል ከ100 ሜትር ያልበለጠ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ይዘርጋ፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚንየም ሳይሆን እውነተኛ መዳብ መሆኑን ገዢው ይጠይቅ። ሳጥኑ በሳሎን መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማታ የሚዘጋበትን ሰዓት ቤተሰቡ በአንድነት ይወስናል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይዘንጋ። የቀድሞው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከማእከሉ ያገኝ ስለ ነበር መብራት ቢጠፋም ይናገር ነበር፤ መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያመጣም። መብራት በጠፋ ጊዜ ሳጥኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሽተኛ ወይም አረጋዊ ባለበት ቤት፥ በሌሊት ሐኪም ወይም ዘመድ የሚጠራበት ስልክ እንዳይታጣ፥ ለሳጥኑ ትንሽ ባትሪ ይዘጋጅ፤ የተሞላ የእጅ ስልክም በአጠገቡ ይኑር።

ሠራተኛው ሳይሄድ የደረሰውን ብርሃን በመሣሪያው ለክቶ ቁጥሩን ይንገር። ጂፖን በሚባለው ሥርዓት ከዜሮ በታች ወደ 27 የተጠጋ ቁጥር የብርሃኑን መድከም ያስረዳል። ቁጥሩ ከዕለቱ ቀን ጋር በቤቱ መዝገብ ይጻፍ፤ ኋላ ችግር ቢነሣ ክርክሩን የሚፈርደው ይኸው ጽሑፍ ነው። ለሩቅ ልጁ የሚናፍቅ ቤት ይህን ጥቂት ትጋት አይንቅም። የልጁ ድምፅ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ መጥቶ በገዛ በራችን ሥር እንዳይጠፋ፥ ቀጭኗን ክር በጥንቃቄ እንያዛት።