የኮምፒውተርን ደጅ ስለ መጠበቅ

ሌባ እንግዳ መስሎም ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ሌኖቮ የተባለው ኩባንያ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ፕሮግራም አስቀድሞ ተጭኖ መገኘቱ ታወቀ። ፕሮግራሙ የራሱን ሰርተፍኬት በታመኑት መዝገብ አግብቶ በባለቤቱና በባንኩ መካከል የሚመላለሰውን ምስጢር እንኳ ለመግለጥ ይችል ነበር። የሚያስደንቀውም ፕሮግራሙ ሲሰረዝ ሰርተፍኬቱ ሳይሰረዝ መቅረቱ ነው፤ ግንዱ ቢቆረጥም ሥሩ ቀርቶ ነበርና።

ስለዚህ ብራውዘሩ ያልተፈለገ ማስታወቂያ ቢያበዛ ወይም መነሻ ገጹ ቢለወጥ፣ ያልታወቀውን ፕሮግራምና ኤክስቴንሽን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። በታመነ ጸረ ቫይረስ መመርመር፣ ብራውዘሩንም ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ መመለስ፣ ከዚያም ወዲያ የሚወጣውን ማሻሻያ ሳያዘገዩ መቀበል ይገባል። የሕዝብ አደራ ያለበት ሰው ደጁን ከፍቶ ቢያድር ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።