አሮጌው ራዲዮ ይሻላል ወይስ አዲሱ?

አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ መደርደሪያ ላይ ወይም በአያትዎ ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ አሮጌ ራዲዮ ካለ፣ ቆራሌው በደጅዎ ሲያልፍ ከመጥራትዎ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ። እኔ ሳላመዛዝን ጠርቼው ኋላ ያገኘኝን ጸጸት ወደ ታች ስንደርስ እነግርዎታለሁ። አስቀድሞ ግን ስለ ነገሩ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

አማተር የራዲዮ ሰው የሚባለው፣ ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲል፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ተቀብሎ፣ በራሱ መሣሪያ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋራ በሞገድ የሚነጋገር ሰው ነው። የእነዚህ ሰዎች ቍጥር በዓለም ላይ ከሚሊዮን ያልፋል። የኢትዮጵያ የጥሪ ስም «ኢ ቲ» በሚሉት ሁለት ፊደሎች ይጀምራል። በአሥመራ፣ ቃኘው በተባለው የአሜሪካ የጦር ሠፈር፣ «ኢ ቲ 3 ዩ ኤስ ኤ» የሚባል የአማተር ጣቢያ ነበረ፤ አሜሪካኖቹ በ1969 ዓ.ም. ሠፈሩን ለቀው እስኪሄዱ ድረስም ብዙ ወታደር በዚሁ ዓይነት ራዲዮ አማካይነት ከቤተ ሰቡ ጋራ ተነጋግሯል። በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአምስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ስም ሲሠራ ተማሪዎች ሠልጥነውበታል። ከአገራችን የሚሰማ የአማተር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት እምብዛም ስላልነበረ፣ ይህ ስም በሞገድ ላይ በተሰማ ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች እንደ ንብ ይሰፍሩበታል። የእኛ ተማሪ አንድ ጊዜ ሲጣራ ብዙዎች በአንድነት ይመልሱለታል። ከዚያ ጫጫታ ውስጥ አንዱን ለይቶ መስማት እንግዲህ የተማሪው ፈንታ ነው።

ታዲያ የዓለም አማተሮች የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው፤ ሩቁንና ደካማውን ድምፅ ለይቶ ለማግኘት የሚሻለው አሮጌው ራዲዮ ነው ወይስ ሥራውን በሶፍትዌር የሚሠራው አዲሱ?

የአሮጌው ወገን የሚያፈቅረው ከባድ የቫልቭ መሣሪያ ነው። ለአሜሪካ ጦር የተሠራው «አር 390 ኤ» የተባለው መቀበያ፣ ለምሳሌ፣ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለቤቶቹም እንዲህ ያለውን መሣሪያ እየቀለዱ «የመርከብ መልሕቅ» ይሉታል። ቫልቩ ሲግል ደብዘዝ ያለ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ እውነተኛ ራዲዮ በጨለማ የሚያበራው ነው እያሉ ይኮራሉ። አሠራሩ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጣው ዘዴ ነው። በአንቴናው የገባው ሞገድ በራዲዮው ውስጥ ከሚፈጠር ሌላ ሞገድ ጋራ ተደባልቆ፣ ብዙ ጊዜ 455 ኪሎኸርዝ ወደ ሆነ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ይለወጣል፤ ከዚያ በጠባብ ማጣሪያ ያልፍና የተፈለገው ጣቢያ ብቻ ወደ ጆሮ ይደርሳል። መቃኛውን የሚያዞረው ጣት፣ የሚለየውም ጆሮ ነው።

አዲሱ ግን ሞገዱን ገና ሲቀበለው ወደ ቍጥር ይለውጠዋል። በገበያ ያለችው ትንሿ መሣሪያ ከአውራ ጣት እምብዛም አትበልጥም፤ በኮምፒዩተር ጎን ትሰካለች። መጀመሪያ የተሠራችው ቴሌቪዥን ለመቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ አዋቂዎች በውስጧ ያለው ቺፕ የለካውን ቍጥር እንዳለ ለኮምፒዩተር ማስተላለፍ እንደሚችል ስላስተዋሉ፣ የቴሌቪዥን ዕቃ የነበረችው የራዲዮ ዕቃ ሆነች። በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ትለካለች፤ ማጣራቱንና ድምፁን ማውጣቱን ኮምፒዩተሩ በሒሳብ ይሠራዋል። ሒሳቡም ፈረንሳዊው ፉርዬ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያስተማረው ነው። በመስተዋቱ ላይ ሞገዱ ሁሉ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ የብርሃን መስመር ነው።

ልዩነቱን በእኛ አገር ምሳሌ ልንገርዎ። አሮጌው ራዲዮ በውጫሌ የገበያ ቀን ከሻጭ ወደ ሻጭ እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን ዋጋ በጆሮው እንደሚጠይቅ ሰው ነው። አዲሱ ደግሞ ከኮረብታ ላይ ቆሞ ገበያውን በሙሉ ባንድ ጊዜ እንደሚያይ ሰው ነው። ያኛው ሁሉንም አያይም፤ ይኸኛው ደግሞ ሹክሹክታውን አይሰማም።

በፈረንጅ አገር ይህ ክርክር አንዳንዴ የትውልድ ጠብ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት አማተሮች የሞርስን ፊደል የግድ መፈተናቸው ቀረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2017፣ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆ ቴይለር ከአንድ ባልደረባው ጋራ «ኤፍ ቲ 8» የተባለውን ዘዴ አወጣ። በዚህ ዘዴ ኮምፒዩተሮች በየ15 ሴኮንዱ እየተፈራረቁ፣ የሰው ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማውን ደካማ ምልክት ያነባሉ። አሮጌዎቹ «ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ቢነጋገር የሰው ድርሻ ምንድን ነው?» ሲሉ፣ ወጣቶቹ «ዓይን እያለልን በጆሮ ብቻ ስለምን እንዳብስ?» ይላሉ።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ተገልብጧል። እዚያ አዲስ ነገር የሀብታም ነው፤ እዚህ ግን ያቺ ትንሽ መሣሪያ ከብዙው የአማተር ራዲዮ በዋጋ ስለምትረክስ፣ ለተማሪና ለጀማሪ ጸሐፊ በሩን የምትከፍት እርሷ ናት። እኔም የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከሦስት ጓደኞቼ ጋራ ተዋጥተን አንዲቱን ገዛን። እነሆም ጸጸቴ ከዚህ ይጀምራል።

የተወለድሁት በአምባሰል፣ ከግሸን አምባ ግርጌ ባለች መንደር ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ በአዲሲቱ መሣሪያ ልቤ ተነፍቶ ነበር። የአባቴን አሮጌ ባለ ድንጋይ ራዲዮ አየሁና፣ መቃኛው የላላ፣ ገመዱ የዛገ፣ የማይረባ ዕቃ ነው ብዬ ፈረድሁበት። ወደ ገበያ ይዤው ወርጄ ለቆራሌ በ150 ብር ሸጥሁት። አባቴ «ስለ ራዲዮ የተማርኸው አንተ ነህ» ብለው ዝም አሉ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደርሶ ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ። ስልክ ተቋረጠ። እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ አባቴና እናቴ መንደር ናቸው። ከተማዋ ምን እንደ ደረሰባት፣ ልጃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራቸው ነገር አልነበረም። ጎረቤታችን ግን ከቴሌ በራዲዮ ኦፕሬተርነት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸውና፣ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ የምትጎርስ አሮጌ መቀበያ ነበረቻቸው። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ ማታ ማታ ለጥቂት ደቂቃ ወሬ ይሰሙባት ነበር። አባቴ በየማታው በጨለማ ዱላቸውን ይዘው ከሰው ቤት ደጅ ተቀምጠው ይሰሙ ጀመር። በጆሯቸው ይፈልጉ የነበረው የአዲስ አበባን ወሬ ነው። እኔ ያን ጊዜ ቤት ብኖር እንኳ ኮምፒዩተሬ መብራት በሌለበት ከአራት ሰዓት በላይ ባልቆየ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት። አባቴ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወቀሱኝም።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩን በወሬ ሳይሆን በሥራ ለማየት ቈረጥሁ። በ2017 ዓ.ም. ጥር፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ከማስተምራቸው ልጆች አራቱን ይዤ ወደ መንደራችን ሄድሁ። አስቀድመን ለቀበሌው አስታወቅን፤ ሽቦ ሲዘረጋ ያየ ሰው እንዳይጠረጥር ለጎረቤቱም ነገርን። ሥራችንም መስማት ብቻ እንጂ ማሰራጨት አልነበረም።

ልጆቹ አንቴናውን ወደ አምባው አናት ለመውሰድ ፈለጉ። አንባቢ እንደሚያውቀው ግሸን ደብረ ከርቤ አናቱ በመስቀል አምሳል የተዘረጋ ከፍተኛ አምባ ነው፤ በመስከረም 21 ቀን ስንት ሺሕ ምእመን ይወጣበታል። ሽማግሌው ግን ከለከሉ። «ቲቸራችሁ ቢፈቅድላችሁም እኔ አልፈቅድም» አሉ፤ «አንደኛ ቦታው የጸሎት ቦታ ነው። ሁለተኛም አጭር ሞገድን የሚያሻግረው ሰማዩ ነው እንጂ ጋራው አይደለም።» እውነታቸውን ነው። ከመቶ እስከ አራት መቶ ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው አዮኖስፌር የተባለው የአየር ድርብ ሞገዱን ወደ ምድር ስለሚመልሰው፣ በቀን በ14 ሜጋኸርዝ፣ በሌሊት በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሩቅ አገር ይሰማል። የቦታው ጥቅም ከፍታው ሳይሆን ጸጥታው ነው። በከተማ የስልክ ቻርጀርና ርካሽ አምፖል የሚረጩት ጉርምርምታ ሁለቱንም ዓይነት ራዲዮ ያደነቍራል፤ ከግሸን ግርጌ ግን እርሱ የለም ማለት ይቻላል።

ሃያ ሜትር ሽቦ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ዘረጋን። አውራ ጣት የምታህለው መሣሪያችን ከ24 ሜጋኸርዝ በታች በራሷ ስለማትወርድ መቀየሪያ ጨመርንላት። ከዚያ ሁለቱን ራዲዮዎች እያፈራረቅን በዚያው ሽቦ ላይ ገጠምን።

መጀመሪያ አዲሱ ረታ። በፏፏቴው ሥዕል ጥግ ላይ ማንም ያላሰበው ስስ መስመር ብልጭ አለ፤ አንዱ ልጅ በጣቱ ነካው፤ የሞርስ ጥሪ ሆነ። ሽማግሌው መቃኛቸውን እያዞሩ እስኪደርሱበት ጥሪው ባበቃ ነበር። አንገታቸውን ነቅንቀው «እኔ አርባ ዓመት ስዳብስ የኖርሁትን ይህ ልጅ በአንድ ጣት አገኘው» አሉ።

ወደ ማታ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኃይለኛ የስርጭት ጣቢያዎች ሲነሡ መስተዋቱ በሐሰተኛ መስመሮች ተሞላ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያቺ ርካሽ መሣሪያ ሞገዱን የምትለካው በ8 ቢት፣ ማለት በ256 እርከን ብቻ ነው። ኃይለኛው እርከኑን ሁሉ ሲይዘው ደካማው ቦታ ያጣል። በ16 ቢት የሚለኩት ውድ መሣሪያዎች 65,536 እርከን ስላላቸው ይህን ያህል አይቸገሩም፤ እኛ ግን የያዝነው ርካሹን ነው። በዚያው ሰዓት የሽማግሌው መቀበያ በጠባብ ማጣሪያዋ ጸንታ ቆመች። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቃኛውን የፀጉር ያህል እያንቀሳቀሱ፣ ከጩኸት በስተ ኋላ ያለውን ቀጭን የሞርስ ድምፅ አወጡና ፊደሉን በቃል ለልጆቹ ያስጽፉ ጀመር። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ጻፉ። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒዩተራችን ባትሪው አልቆ ጠፋ። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «ተኛ?» ብለው ጠየቁኝ።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ያን ማታ የተማርሁት፣ ጥያቄው «የትኛው ዘመናዊ ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ እንደማይጠቅም ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ይህ መሣሪያ ምን ያስተምረኛል፣ ሲበላሽስ ማን ያድነዋል፣ መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል ተብሎ ነው። አዲሱ ሒሳብን ያስተምራል፤ በትንሽ ገንዘብ የሞገዱን ዓለም በሙሉ ያሳያል። አሮጌው መስማትንና መታገሥን ያስተምራል፤ ክዳኑን ከፍተው የተቈረጠውን ሽቦ በብየዳ መቀጠል ይቻላል፤ በጨለማ ወራትም ከመንደር ጋራ ይቈያል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን የሚጥል ሰው ያለው ራዲዮ ግማሽ ነው።

ለተማሪዎችና እንደ እኔ ደመወዛቸው ለወር ለማይበቃ ወንድሞችና እኅቶች ምክሬ ይኸው ነው። አሮጌውን አይሽጡ፤ ያስጠግኑት፤ ጠጋኙ ሲሠራም አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። አዲሱን ለብቻዎ መግዛት ቢከብድዎ ከጓደኞችዎ ጋራ ተዋጥተው ይግዙ። የሞርስን ፊደል ማንም ባያስገድድዎ በጆሮ ይማሩት። ማሰራጨት ሲያምርዎ ግን ያለ ፈቃድ አንዲት ቃል እንዳይልኩ፤ ይህን የሚቈጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መስማትን በሚገባ የተማረ ሰው ፈቃዱን ባገኘ ጊዜ የሚናገረው አያጣም።

እኔም ባለፈው ፋሲካ ከደሴ አንድ የታደሰ ባለ ድንጋይ ራዲዮ ገዝቼ ለአባቴ ወሰድሁላቸው። ተቀብለው አገላበጡትና መቃኛውን ሞከሩት። «ከዚያኛው ይሻላል» አሉ። እንደማይሻል ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ድንጋዩን አውጥተው ለብቻው በጨርቅ ጠቀለሉና፣ ራዲዮውን ልጅ ከማይደርስበት ከሣጥኑ በላይ አስቀመጡት።