ቁልፉን የሸጠውና በሩን የያዘው

በኢንተርኔት ጌም ገዝቶ ያልተስማማው ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ አንዱ ወገን «ብዙ ሳትጫወት ከመለስኸው ያለ ጥያቄ ይመለስልሃል» ሲል ሌላው «አንዴ ከከፈልህ አለቀ» ይላል፤ ሁለቱም የደረሰባቸውን የሚናገሩ ስለ ሆነ አንዳቸውንም ሐሰተኛ ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ግን ከጌሙ ዋጋ ወይም ከገዢው ትዕግሥት የመጣ ሳይሆን፣ ገንዘቡን የተቀበለውና ጌሙን የከፈተው አንድ እጅ ነው ወይስ ሁለት ከሚለው የመጣ ነው።

አንድ በሆነበት ቦታ ነገሩ ቀላል ነው። ስቲም የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. ከጁን 2015 ጀምሮ፣ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱበትን ጌም ምክንያቱን ሳይመረምር ይመልሳል፤ የጨዋታውን ደቂቃ ራሱ ስለሚቆጥር፣ ገንዘቡንም ሲመልስ ጌሙን ከገዢው አካውንት ስለሚያነሣ፣ የሚጎዳው ነገር እምብዛም የለም። ይህን ሥርዓት ከቸርነት ብቻ አወጣው ቢሉኝ ግን እጠራጠራለሁ፤ የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን የስቲምን ባለቤት ቫልቭን የከሰሰው በ2014 ነበርና። ኩባንያው የአውስትራሊያ ሕግ አይመለከተኝም፣ ጌምም በሕጉ ከዕቃ አይቆጠርም ብሎ ቢከራከርም፣ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2016 ሁለቱንም ውድቅ አድርጎ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቶታል። ሶኒም ቢሆን፣ ማውረድ የተጀመረውን ጌም አልመልስም ማለት ልማዱ ሆኖ ሳለ፣ «ሳይበርፐንክ 2077» በዲሴምበር 2020 በጉድለት ተሞልቶ በወጣ ጊዜ ለጠየቀው ሁሉ ገንዘቡን ሰጥቶ፣ ጌሙን እስከ ጁን 2021 ድረስ ከመደብሩ አንሥቶታል፤ በፈቀደ ጊዜ የቻለው ሁለቱም በእጁ ስለ ነበሩ ነው።

ቁልፍ የሚባለው ኮድ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በሰረዝ የተከፋፈለ የላቲን ፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ አንዱ ነጋዴ ይሸጠዋል፣ ገዢው በሌላው መደብር አካውንቱ ላይ ያስገባዋል። ዋጋው ምስጢርነቱ ነውና፣ ለገዢው አንድ ጊዜ ከተገለጠ በኋላ ከአፍ እንደ ወጣ ቃል ነው፤ ተገልብጦ ለሌላ ይለፍ አይለፍ ሻጩ በቀላሉ ማወቅ አይችልም። ገዢው ወደ ስቲም ቢሄድ «ከሌላ የገዛኸውን አልመልስም» ይባላል፤ ወደ ሻጩ ቢመለስ «ኮዱን አይተኸዋል» ይባላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የጠፋው በመካከላቸው የሚቆም ተጠያቂ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሩቅ ለተፈጸመ ግዢ የ14 ቀን የመሰረዝ መብት ቢሰጥም፣ ዲጂታሉ ይዘት ወዲያው እንዲቀርብለት ፈቅዶ መብቱ እንደሚቀርበት ያረጋገጠ ገዢ ያን መብት ያጣል፤ ከመክፈያው አጠገብ ያለችውና ብዙው ሰው ሳያነብ ምልክት የሚያደርግባት ትንሽ ሣጥን ይህን ሁሉ ተሸክማለች። የማይሠራ ኮድ የደረሰው ሰው ጉዳይ በእርግጥ ሌላ ነው፤ ኮዱ የማይሠራው ለሌላ አገር ስለ ተቆለፈ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ይረዝማል። የአውሮፓ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2021 ቫልቭንና አምስት አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በእንዲህ ያለው በአገር የመቆለፍ ነገር ነበር።

ሻጮች ስለ ምን እንዲህ ይጨክናሉ ቢባል፣ ስግብግብነትን መልስ ማድረግ ይቀላል፤ እኔ ግን የሚያመዝነው ሌብነቱ ይመስለኛል። በተሰረቀ ካርድ ኮድ ይገዛል፣ ኮዱ ማንም በሚሸጥበት ገበያ በርካሽ ይወጣል፣ የካርዱ ባለቤት ሲነቃ ባንኩ ገንዘቡን ከመጀመሪያው ሻጭ ይወስዳል፤ ሌባው ያን ጊዜ በቦታው የለም። «ፋክቶሪዮ» የተባለውን ጌም የሠሩት ሰዎች በዚህ ተማርረው ጂቱኤ የተባለውን ገበያ ከወቀሱት በኋላ፣ ገበያው 198 የተጭበረበሩ ኮዶች በእርሱ በኩል እንደ ተሸጡ በ2020 አምኖ 40,000 ዶላር ገደማ ከፍሏል። መዘዙ የሚወርደው ግን በንጹሑ ገዢ ላይም ጭምር ነው፤ በላቡ ገንዘብ ገዝቶ ሲጫወት ሰንብቶ፣ አንድ ማታ አካውንቱን ሲከፍት ኮዱ ተሰርዞ ጌሙ የለም። ተቆጥቶ ክፍያውን በባንኩ በኩል ያስመለሰ እንደ ሆነ፣ ሻጩ በአጭበርባሪነት ጠርጥሮ አካውንቱን ሊዘጋበት ይችላል፤ ሐቀኛውና ሌባው በአንድ በር ስለሚገቡ መለየቱ ይቸግራልና።

ውጭ አገር በሚኖር ካርድ ባለው ዘመድ በኩል የሚያስገዛ የአዲስ አበባ ወጣት ይህን ልዩነት አበጥሮ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ዋሽንግተን ያለችው አክስቱ ጌሙን በራሱ በስቲም ስጦታ አድርጋ ብትልክለት፣ እርሱ በጊዜው መመለሱን ሲጠይቅ ገንዘቡ ለከፈለችው ለእርሷ ይመለሳል። ከሌላ መደብር ኮድ ገዝታ በቴሌግራም ብትልክለት ግን፣ ጌሙ ኮምፒውተሩ ላይ አልነሣ ያለው እርሱን፣ ደረሰኙ ደግሞ በእርሷ ስም ነው፤ ለመላክም ኮዱን መክፈት ግድ ስለ ሆነባት፣ እርሱ ገና ሳያየው ኮዱ በሻጩ መዝገብ የታየ ተብሎ ተጽፏል።